ማን ጠየቃቸው? የሎዊጃ ኦዶናሁ ሕይወትና የአውስትራሊያ «አይሆንም»

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህችን ልጅ ስም ግን ያወጡት ሚስዮናውያን ናቸው። በቤተሰቧ ዘንድ ሎዊጃ ነበረች። ማሳደጊያው ሲረከባት ሎይስ ሆነች። የተወለደችበትን ቀን የመዘገበ ስላልነበረ ልደቷንም እነሱ መረጡላት። ኦገስት 1 አሉ። ቀኑ ዝም ብሎ የመጣ አይመስልም። በአውስትራሊያ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ፣ መቼም ይወለዱ መቼ፣ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ከፈረሶቹ ጋር ልደት ተጋራች ማለት ነው።

በስደት ወረቀት ላይ «ጃንዋሪ 1 የተወለደ» ሐበሻ ስንት እንዳለ የምናውቅ ሰዎች በዚህ ብዙም አንደነግጥ ይሆናል። የኛው ግን የቢሮ ሠራተኛ ቅጽ ለመሙላት የተጠቀመበት አቋራጭ ነው። የሎዊጃ ልደት ሲመረጥላት ስሟ፣ ቋንቋዋና እናቷም አብረው ተወስደዋል።

የአቦርጂናሎች፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ፣ መሪ የነበሩት ሎዊጃ ኦዶናሁ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024 በአደላይድ ከተማ ሲያርፉ 91 ዓመታቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት ወር በፊት አውስትራሊያውያን በሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» ብለው ነበር። ነባር ሕዝቦች በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ አማካሪ አካል ይኑራቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ነው የወደቀው። ብዙ ሰው ያንን ውጤት በ2023 ዘመቻ ብቻ ሊያስረዳ ይሞክራል። እኔ ግን የኚህን ሴት ሕይወት ተከትሎ መሄድ የተሻለ ያስረዳል ባይ ነኝ። ጥያቄው ለምን እንደተነሳም፣ ለምን እንደወደቀም እዚያ ውስጥ አለ።

የተወለደችው በ1932 ነው ተብሎ ይታሰባል። ቦታው የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቀይ አፈር በቀይ አፈር የሆነ የከብት አገር ነው። እናቷ ሊሊ የያንኩኒጃጃራ ሕዝብ ተወላጅ ናት። አባቷ ቶም ኦዶናሁ የአየርላንድ ዘር ያለው ከብት አርቢ ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከሁለት እህቶቿ ጋር ክዎርን በምትባል ከተማ ወደሚገኘው የኮልብሩክ ማሳደጊያ ተወሰደች። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሚስዮናውያን ነበሩ።

የዘመኑ የክፍለ ግዛቱ ሕግ የእያንዳንዱ አቦርጂናል ልጅ ሕጋዊ አሳዳጊ «ዋና ጠባቂ» የሚባለው ባለሥልጣን ነው ይል ነበር። እናትና አባት በሕይወት ቢኖሩም ያው ነው። ሰውየው አይቷቸው የማያውቅ የሺህ ልጆች አባት ነበር እንደማለት ነው። በተለይ የሚፈለጉት ከነጭ አባት የተወለዱት ናቸው። ቆዳቸው ፈካ ያለ ስለሆነ ከነጩ ኅብረተሰብ ጋር ይቀላቀላሉ፣ ቀስ በቀስም አቦርጂናልነታቸው ይጠፋል ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1997 የወጣው የአገር አቀፍ አጣሪ ሪፖርት ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከአሥር ልጆች አንዱ፣ ምናልባትም ከሦስቱ አንዱ፣ በግድ ከቤተሰቡ ተነጥሏል ብሏል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። በቅጡ የጻፈው አልነበረም።

በኮልብሩክ በእናት ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። ከየት መጣሁ ብሎ መጠየቅም እንዲሁ። በ1944 ውሃ ስለጠፋ ቤቱ ከክዎርን ተነስቶ ወደ አደላይድ ዳርቻ፣ ኢደን ሂልስ ወደሚባል ሰፈር ተዛወረ። በ16 ዓመቷ ሎይስ ከዚያ ወጥታ ቪክተር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ለአቦርጂናል ልጃገረድ የተዘጋጀው መንገድ ይኸው ነበር፤ የሰው ልጆች ማጠብ፣ የሰው ቤት መጥረግ።

እሷ ግን ነርስ መሆን አማራት። በአካባቢው ሆስፒታል ትንሽ ሠርታ ትምህርቷን ለመጨረስ ወደ ሮያል አደላይድ ሆስፒታል አመለከተች። የነርሶቹ ኃላፊ አልቀበልም አለቻት። አሊስ ስፕሪንግስ ሄዳ የራሷን ወገኖች ብታስታምም ይሻላል ነው መልሱ። ነገሩን ትንሽ ቆም ብለን እንየው። አሊስ ስፕሪንግስ ከአደላይድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጅቷ የምታውቀው ሰው እዚያ የለም። «ወገኖችሽ» የተባሉትን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ እንዳታውቃቸው ያደረጋት ይኸው ሥርዓት ነው። አሁን ደግሞ ወደነሱ ሂጂ ይላታል።

አልሄደችም። ከሌሎች ጋር ሆና ዘመቻ ጀመረች። ጉዳዩን እስከ ክፍለ ግዛቱ ፕሪሚየር እስከ ቶማስ ፕሌይፎርድ ድረስ አደረሰችው። በ1954 ሆስፒታሉ በሩን ከፈተና በዚያ ሆስፒታል ለመሠልጠን የመጀመሪያዋ አቦርጂናል ነርስ ሆነች። ያ ድል ነው ዘመቻ የሚሉትን ነገር ያስተማራት። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ ይገባቸዋል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሎዊጃ ወደ ህንድ፣ ወደ አሳም ሄደው በነርስነት አገለገሉ። ሲመለሱ ከአቦርጂናል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሥራ አገኙና ኩበር ፒዲ ተመደቡ። ኩበር ፒዲ ኦፓል የሚቆፈርባት በረሃማ ከተማ ናት። የወሎን ደላንታ የሚያውቅ አንባቢ ኦፓል ፈላጊ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚህ ሙቀቱ ከመክፋቱ የተነሳ ብዙ ሰው ቤቱንም የሚሠራው ከመሬት በታች ነው።

እዚያ ነው ነገሩ የሆነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ የቆሙ ዘመዶች አይተዋቸው «ይቺ የሊሊ ልጅ ናት» አሉ። መልካቸው እናታቸውን ቁርጥ ነበር። አክስትና አጎት ኖረዋል። ሎዊጃ እናታቸው በሕይወት እንዳሉና ኡድናዳታ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደሚኖሩ ያወቁት እንደዚህ፣ ዕቃ ሊገዙ በገቡበት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። መንግሥት ፋይል ነበረው፣ ሚስዮኑም ያውቅ ነበር። የነገራቸው ግን የሱቅ ውስጥ አጋጣሚ ነው።

እናትየው ልጅሽ ትመጣለች ሲባሉ መንገድ ዳር እየተቀመጡ ይጠብቁ ጀመር። ሎዊጃ ሲደርሱ እናትና ልጅ የሚግባቡበት ቋንቋ አጡ። ልጅ ያንኩኒጃጃራ አትችልም፤ እናት እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው። ስንት ዓመት የተጠበቀ ወሬ በምን ይወራ? ፊልም ቢሆን ተቃቅፈው ያለቅሱና ያልቅ ነበር። እዚህ ግን የተገኘችው እናት ለልጇ እንደገና እንግዳ ነበረች። መቀራረቡ ዓመታት ወስዷል።

ኃላፊነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1977 መንግሥት ያቋቋመው ብሔራዊ የአቦርጂናል ጉባኤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ። ጉባኤው በ1985 በመንግሥት ተዘጋ። በ1990 ደግሞ አትሲክ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሰዎች ኮሚሽን ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር እሳቸው ነበሩ። እስከ 1996 መርተውታል። በ1992 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ነባር ሕዝቦችን ዓመት ሲያስጀምር በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ንግግር አደረጉ። በዚያ መድረክ የተናገሩ የመጀመሪያዋ አቦርጂናል አውስትራሊያዊት ናቸው።

አትሲክን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የ2023ቱ ክርክር ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ኮሚሽኑ ሁለት ባሕርይ ነበረው። በአንድ በኩል በነባር ሕዝቦች ድምፅ የሚመረጡ የአካባቢ ምክር ቤቶች አሉት፤ ለመንግሥት ይመክራል። በሌላ በኩል ገንዘብ ይይዛል፣ የሥራ ፕሮግራምና የቤት ግንባታ ያካሂዳል። ማለትም ሚኒስቴርም ነው፣ ምክር ቤትም ነው። ትምህርት በእጁ አልነበረም። ጤናም በ1995 ተወስዶበታል። አንድ ሕፃን በበሽታ ሲሞት ግን ጋዜጣው «አትሲክ ምን ይሠራል?» ይላል። ሥልጣኑ የሌላ፣ ወቀሳው የራሱ። ሎዊጃ በነበሩበት ጊዜ በትልቁ ያተረፉበት ሥራ በ1993 ከጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ ጋር ያደረጉት ድርድር ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ብሪታንያውያን በመምጣታቸው ብቻ አልጠፋም ብሎ ወስኖ ነበር። ማዕድን ኩባንያዎችና ክፍለ ግዛቶች ተንጫጩ። ሎዊጃ የአቦርጂናሎቹን ተደራዳሪ ቡድን ይዘው ካቢኔው ፊት ተቀመጡ። ድርድሩ ሊፈርስ ተቃርቦ በመጨረሻ ሕግ ወጣ። ከራሳቸው ወገን «ሸጣችሁን» ያላቸውም አልጠፋም፤ ሕጉ ቀደም ሲል የተሰጡ ይዞታዎችን አጽድቋልና። ወቀሳው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን ያኔ ባይደራደሩ ኖሮ ሕጉ ያለነሱ ይወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቢያንስ ተጠይቀዋል።

አትሲክ ከሎዊጃ በኋላ ብዙም አልቆየም። በአመራሩ ላይ ውዝግብ በዛ፣ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ፊታቸውን አዞሩ፣ በ2005 በአንድ ሕግ ፈረሰ። እንግዲህ ሎዊጃ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የሆኑባቸው ሁለት አካላት ሁለቱም በመንግሥት ፈቃድ ተወለዱ፣ በመንግሥት ፈቃድ ሞቱ። በ2017 በኡሉሩ የተሰበሰቡት የነባር ሕዝቦች ተወካዮች «ድምፅ» የሚባለው አካል በተራ ሕግ ሳይሆን በሕገ መንግሥት ይቋቋም ያሉት ለዚህ ነው። አዲስ ሥልጣን ፈልገው አይደለም። እንዲያውም የጠየቁት ከአትሲክ ያነሰ ነው። ገንዘብ አይዝም፣ ፕሮግራም አያካሂድም፣ ፓርላማውንም አያዝም። ይመክራል፤ በቃ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው መንግሥት ሲከፋው እንዳይሰርዘው።

በአደላይድ በየጊዜው በስማቸው የሚሰጥ ትልቅ ንግግር አለ። በሜይ 2023 ንግግሩን ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዚ ነበሩ፤ የተናገሩትም ስለዚሁ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ዘመቻው የሎዊጃን ስም ፈልጎታል።

ወደ ሕዝበ ውሳኔው ከማለፌ በፊት ግን አንዲት ቃል ያመጣችውን ጣጣ ላንሳ። በ2001 አንድ ጋዜጣ ሎዊጃ «የተሰረቁ ልጆች» ከሚለው ይልቅ «የተወሰዱ» የሚለውን ለራሳቸው እንደሚመርጡ ጽፎ አወጣ። ምክንያታቸው አባታቸው ራሱ ለሚስዮናውያን ስላስረከባቸው ነው። አገሩ ተናወጠ። ስለ ልጆቹ መወሰድ ይቅርታ አልጠይቅም ብለው የቆሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነው አሉ። «እንኳን፣ ስርቆት አልነበረም!» የሚል ደስታ በየአምዱ ታየ። ሎዊጃ ቃላቸው እንደዚያ መዋሉ በጣም አሳዘናቸው።

አማርኛ ላይ ብናመጣው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «ተወሰደ» ስንል ተወሳጁን እንጂ ወሳጁን ማን ፈቀደለት የሚለውን አንናገርም። አባትየው ሰጠ እንበል። እናትየውስ? ሊሊን የጠየቃት የለም። ሕጉ እንዲጠይቃት አያስገድድም። እንቢ ብትል የሚሰማት ዳኛ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ጥንቃቄ ያለው ቃል ሲመርጥ ያንን ቃል ነጥቆ የሌሎችን ሺዎች ታሪክ ማፍረሻ ማድረግ፣ እኔ በበኩሌ፣ ከመጀመሪያው መውሰድ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ረድ በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁ ግን የተጠቀሙት «የተሰረቁ ትውልዶች» የሚለውን ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 2023 ድምፅ ተሰጠ። 60 በመቶ ያህሉ «አይሆንም» አለ። ስድስቱም ክፍለ ግዛቶች እንቢ አሉ። «እሺ» ያለችው የዋና ከተማዋ የካንቤራ ግዛት ብቻ ናት። የሎዊጃ ደቡብ አውስትራሊያም ከ60 በመቶ በላይ «አይሆንም» ነበር።

በ1967 ግን እንዲህ አልነበረም። ያኔ ከ90 በመቶ በላይ ሕዝብ «እሺ» ብሎ ነበር። ሰዎች ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እያስቀመጡ «አውስትራሊያ ምን ነካት?» ይላሉ። ማነጻጸሩ ትንሽ ያሳስታል። የ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ ለአቦርጂናሎች የመምረጥ መብት የሰጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። በፌዴራል ደረጃ ያ መብት በ1962 ተሰጥቷል። የ1967ቱ የሠራው ከሕገ መንግሥቱ ሁለት አግላይ አንቀጾችን ማውጣት ነው። አንዱ ፌዴራል መንግሥቱ ስለ አቦርጂናሎች ልዩ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ሌላው በሕዝብ ቁጥር ሲደመሩ አይቆጠሩም ይል ነበር። ያኔ የመንግሥትም የተቃዋሚም ፓርቲዎች ደግፈዋል። ተቃዋሚ የዘመቻ ወረቀት እንኳ አልተጻፈም። ማውጣት ቀላል ነው። የ2023ቱ ግን የሚጨምር ነበር፤ ከዚያም በላይ ለአንድ ወገን የሚጨምር መሰለ። የተቃዋሚው መሪ እንቢ አሉ። በአውስትራሊያ ታሪክ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ያልተስማሙበት ሕዝበ ውሳኔ አልፎ አያውቅም ማለት ይቻላል። ከ45 ጥያቄዎች ያለፉት ስምንት ብቻ ናቸው።

የተቃዋሚዎቹ መፈክር አጭር ነበር። ካላወቅህ «አይሆንም» በል። ብልጥ መፈክር ነው፤ አለማወቅን ራሱ መልስ ያደርገዋል። በአውስትራሊያ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው። እምቢ ያለ ይቀጣል። ስለዚህ ጉዳዩን ያልተከታተለውም ሰው ሁሉ ሳጥኑ ፊት ይቆማል፤ ዜግነት የወሰደው የፉትስክሬይ (የሜልበርን ሰፈር ነው) ሐበሻም ጭምር። ሥራ ውሎ የደከመ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቆሞ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ካለ መልሱ ተዘጋጅቶለታል። የአትሲክ ትዝታም ለተቃዋሚዎቹ ረድቷቸዋል። «አይተነው የለ እንዴ! ቢሮክራሲ ነው» ለማለት ተመቻቸው። የአትሲክ መፍረስ ለአንዱ ወገን «በሕገ መንግሥት ይሁን» የሚያሰኝ ምክንያት ሆነ፤ ለሌላው ደግሞ «ይቅርብን» የሚያሰኝ።

ደግሞም ነባር ሕዝቦቹ ሁሉ አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሴናተር ጃሲንታ ፕራይስ በዘር አትለያዩን ብለው ተቃወሙ። ሴናተር ሊዲያ ቶርፕ ደግሞ ምክር አንሻም፣ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ይፈረም ብለው ከሌላው ጫፍ ተቃወሙ። በሩቅ ያሉ የአቦርጂናል መንደሮች ግን በአብዛኛው «እሺ» ብለዋል። ይህ ሁሉ አለመስማማት እኮ ድምፅ የሚያስፈልግበት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ፓርላማ ውስጥ ያሉት ሁሉ ስለተስማሙ ነው እንዴ ፓርላማ የሚኖረን?

ደቡብ አውስትራሊያ በበኩሉ አገሩን አልጠበቀም። በማርች 2023 የራሱን የክፍለ ግዛት «ድምፅ» በሕግ አቋቁሟል። ምርጫው የተካሄደው ሎዊጃ ካረፉ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከመራጮቹ ድምፅ የሰጠው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። ተቃዋሚዎቹ «አላልንም?» አሉ። ደጋፊዎቹ ሕዝበ ውሳኔው ልብ ሰብሮ ነው አሉ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ሁለት ጊዜ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሦስተኛውን ለመሥራት ቢያቅማማ አይፈረድበትም። ይህኛውም የቆመው በተራ ሕግ ነው።

ልጆቹስ? ዛሬ በአውስትራሊያ ከወላጆቻቸው ተነጥለው በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ከሚያድጉት ልጆች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። ከአገሩ ልጆች ሁሉ ግን ስድስት በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። የዛሬው ከድሮው ጋር አንድ አይደለም። አሁን ልጅ የሚወሰደው በዘሩ አይደለም፤ ፍርድ ቤት አለ፣ ቸልተኝነትና የቤት ውስጥ ጥቃት አለ፣ ሕጉም ልጁ በቅድሚያ ለዘመድ ይሰጥ ይላል። ዝም ብሎ «ያው ነው» ማለት ልጆቹንም አይጠቅም። መንግሥት ራሱ ቁጥሩን በ2031 በ45 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። እስካሁን በዚያ መንገድ ላይ አይደለም።

የኮልብሩክ ቤት በ1973 ፈርሷል። ኢደን ሂልስ ላይ ቦታው አሁን መታሰቢያ ነው። የእንባ ምንጭ የሚባል አለ፤ ውሃ በአዛውንቶች ፊት ቅርጽ ላይ ይወርዳል። አናቱ ላይ እናቶች ሕፃን የሚይዙበት ከእንጨት የሚጠረብ ገበታ ተቀርጿል፤ ባዶ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት የነሐስ እናት መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ባዶ ናቸው።